ጨርቁ ያንተ፣ ስፌቱ የእኔ

ልብስ ሰፊው ጋሼ መርፌ ማለዳ ጀሪካን አንጠልጥለው ከቤት የሚወጡት ወደው አይደለም፤ የሰፈሩ ቦኖ ደርቋል። የዚያን ዕለትም በጋሪ ውሃ ከሚሸጠው ሰውዬ ጋር ሲጨቃጨቁ የሰፈሩ ግንበኛ ልጅ ደርሳ ሰላም አለቻቸው። ልጅቱ ትምህርቷን ጨርሳ ውሃ መሥሪያ ቤት ገብታለች። ነዋሪው የቧንቧ ውሃና የፍሳሽ መስመር ቢገባለት በየወሩ ለመክፈል ይፈቅድ እንደሆነ ቤት ለቤት እየዞረች ትጠይቃለች። ሰፈርተኛው ካልተስማማ መስመሩ ለሌላ ሰፈር ይሰጣል። ጎረቤቱ ሁሉ ደግሞ "ጋሼ መርፌ እሺ ካሉ እኛም እሺ" ብሏታል።

"አልከፍልም!" አሉ ገና አፏን ሳትከፍት። "ውሃ የፈጣሪ ነው። ነገ ደግሞ ለአየሩም ክፈሉ ልትሉን ነው?"

"ልክ ነዎት ጋሼ፣ ውሃው የፈጣሪ ነው። ቧንቧውን ግን የሚዘረጋው ሰው ነው።"

"ታዲያ የዘረጋው ይክፈላ!"

ጋሼ መርፌ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ያላቸውን ለሰው አይሰስቱም። ብቻ ሲፈጥራቸው "ክፈል" የሚል ቃል ሲሰሙ ጆሯቸው ይደፈናል።

ልጅቱ ፈገግ አለች። "ደንበኛ መጥቶ 'ጨርቁ የራሴ ነው፣ ለምን እከፍላለሁ?' ቢልዎትስ?"

"ሞልተዋል እንጂ እንዲህ የሚሉ!" ጋሼ መርፌ ጀሪካኑን አስቀምጠው ጋሉ። "'ጨርቁ ያንተ፣ ስፌቱ የእኔ' ነው የምላቸው! ክሩስ? ዓይኔስ? ወገቤስ?..." ድንገት ቆም አሉ። "አንቺ ልጅ! በገዛ አፌ አስያዝሽኝ!"

ከባለጋሪው በቀር በዙሪያው ያለው ሁሉ ሳቀ።

"ይሁን፣ ውሃውንስ እሺ። ፍሳሹስ? ሰው ለሚጥለው ነገርም ይከፍላል?"

ልጅቱ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "የልጅ ልጅዎ ተሻለው?"

ጋሼ መርፌ አቀረቀሩ። ሕፃኑ እሳቸው ዘንድ ሰንብቶ ተቅማጥ ይዞት ሐኪም ቤት ተኝቶ ነበር። "ጥርስ ሲያበቅል ነው" ብለው ድርቅ ቢሉም፣ የሕፃኑ እናት፣ ልጃቸው፣ ሞልቶ ግቢው ውስጥ የሚፈስሰውን ሽንት ቤት አይታ "አባዬ፣ ይሄ ሳይስተካከል ልጄን ይዤ አልመጣም" ብላ ሄደች። ናፍቆቱ ሲያንገበግባቸው ከርሟል።

"ጥርስ ነው እኮ..." አሉ በዝግታ።

"ጥርስማ ሁሉም ልጅ ያበቅላል። በኛ ሰፈር ጥርስ የሚያበቅል ሁሉ ሐኪም ቤት የሚተኛው ለምንድን ነው? ዝንቡ ከጉድጓዱ ተነሥቶ እኮ ሕፃኑ አፍ ላይ ነው የሚያርፈው። የሚከፍሉት ለጣሉት አይደለም ጋሼ፣ የጣሉት እንዳይመለስብዎ ነው።"

"ልብስ አጣቢዋ ጎረቤቴስ? ከየት አምጥታ ትከፍላለች?"

"አቅም ለሌለው ክፍያው ይቀነስለታል።"

ጋሼ መርፌ ጀሪካናቸውን ባዶውን ይዘው ተመለሱ፤ ያን ቀን ሲያንኳኩ የዋሉት የጎረቤት በር ነው። "ውሃው የፈጣሪ፣ ቧንቧው የሰው!" እያሉ ያልተከራከሩት ሰው አልነበረም።

ዓመት ሳይሞላ መስመሩ ገባ። ልብስ አጣቢዋ ውሃ ስትጠብቅ ታባክነው የነበረውን ጠዋት ሥራዋን ትሠራበት ጀመር። የግቢው ሽታ ጠፋ፤ በተቅማጥ የሚታመሙትም ሕፃናት ቀነሱ። ለቧንቧው የሚከፈለውም ለባለጋሪው ከሚከፈለው አንሶ ተገኘ።

አንድ እሑድ በሩ ተንኳኳ። ልጃቸው ሕፃኑን አዝላ ቆማለች። መንጋጋ እያበቀለ ነውና ለሀጩ ይዝረበረባል፤ እሱ ግን ይስቃል። ጋሼ መርፌ ተቀብለው ቧንቧው ሥር ወስደው እጁን በሳሙና አጠቡለት፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

"ለካ ጥርስ አልነበረም፣ ልጄ" አሉ።