ፎቶ ቤቱ የደፈነው ፍንጭት

ከቆቦ ወልድያ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ እናት ከመቀነታቸው ፎቶ አውጥተው አጠገባቸው ላለችው ወጣት አሳዩ።

«እስቲ ይቺን እያት። ለልጄ ያጨናት ናት።»

«ቆንጆ ናት፣ እማማ።»

«ጥርሷስ?»

«ግጥም ያለ ነው።»

«እሱ ነው ጉዱ! ልጄ የወደዳት በፍንጭቷ ነው። ፎቶ ቤቱ ላሳምርልሽ ብሎ ደፈነባት። ልጄ ሲያየው ‹እህቷን ሊድሩኝ ነው› ብሎ እህል አልቀምስ አለ።»

«አሁን ታዲያ የት ይሄዳሉ?»

«ጎብዬ፣ እነሷ ቤት። ስትስቅ በዓይኔ አይቼ ልመለስ ብዬ። አንቺስ?»

«ደሴ። የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ አለኝ።»

«አሞሽ ነው?»

«አላመመኝም። ሽቦ ላሳስር ነው። እኔም ፍንጭት ነኝ።»

«ለዚህ ነው አፍሽን በእጅሽ ይዘሽ የምታወሪ? እስቲ አውርጂው።»

«ያስጠላል፣ እማማ። ፎቶ ስነሳ ክፍተቱ ብቻ ነው የሚታየው።»

«ማሻአላህ! ወላሂ፣ ያችን ባላጭለት ኖሮ አንቺን ይዤ ነበር የምወርድ።»

«ውይ፣ እማማ!»

«እንዲህ ሳቂ እንጂ!»

«ጎብዬ አብሬዎት ልውረድ? ስትስቅ እኔም ልያት።»

«አብሽሪ፣ ነይ!»

ጎብዬ ላይ ሁለቱ ሲወርዱ፣ እኔ አምና ያስሞላሁትን ፍንጭቴን በምላሴ ፈለግሁት።