የጥጃው ሳንባና የኬንዚ ሳንባ

ሐኪም አልወድም። ትምህርቱን ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆመን ሰው እንደ ወንበር ቆጥረው በአናቱ ላይ እርስ በርስ እንደሚነጋገሩ ባለቤቴ ስትሞት አይቻለሁ። ስለዚህ በካናዳዋ ሳስካቱን ከተማ በአንድ ሆስፒታል ኮሪደር ጎረቤቴን ከብት አርቢውን ሜትሮ ኪንዳክን ከዶክተር ጋር ሲሟገት ሳገኘው፣ እውነቱን ልናገርና፣ ደስ ብሎኝ ቆምኩ።

የሜትሮ የልጅ ልጅ፣ ትንሿ ኬንዚ፣ በሳንባ ምች ታማ ጉሮሮዋ ውስጥ ቱቦ ገብቶላት በመሣሪያ ነበር የምትተነፍሰው። ትናንት ለራጅ ሲያገላብጧት ኦክስጅኗ ወርዶ ሁሉንም አስደንግጧል። ዛሬ ደግሞ ብሶባታል። ወጣቷ ዶክተር ሊዮና ግን ራጁን ትታ አልትራሳውንድ እየገፋች መጣች።

«ምን ልታደርጊ ነው፣ ልጄ?» አላት ሜትሮ። «ይሄ'ኮ ላሞቼ ማርገዛቸው የሚታይበት ነው! ነፍሰ ጡር ልታደርጊያት ነው እንዴ ሕፃኗን?»

«ሳንባዋን ላይበት ነው፣ አባባ።»

«ሳንባ በራጅ ነው የሚታየው! እኔን አታሞኚኝ።»

ዝም ብል ይሻለኝ ነበር። አፌ ግን አያርፍም።

«ስማ፣ ሜትሮ፤ ባለፈው ጸደይ የከብት ሐኪሙ የጥጆቻችንን ጎን በምን አየ? በዚሁ መሣሪያ አይደል? የኔዎቹን ገና ሳይስሉ ‹ሳንባቸው ታሟል› ሲለኝ አሳክሜ አዳንኳቸው። አንተ ‹እስኪያስሉ ልይ› ብለህ ቀበርካቸው።»

ሜትሮ ፊቱ ቀላ። ዶክተሯ ወደ እኔ ዞረች።

«የታመመው ሳንባ ምን ይመስል ነበር?»

«ጉበት» አልኳት።

«እኛም አየር አጥቶ የጠጠረን ሳንባ እንደዚያው ነው የምንለው» አለችና ፈገግ አለች። «አባባ፣ ራጅ ሲያስፈልግ እናነሳለን። ይሄ ግን ጨረር የለውም፤ ከተኛችበት ሳናንገላታት ጠዋትም ማታም እናያለን። ሳንባዋ እየተከፈተ ይሁን እየተዘጋ ሳይመሽብን እናውቃለን።»

«ብትሳሳቺስ?»

«ያጠራጠረኝን ከባልደረቦቼ ጋር ሳላይ አልወስንም። እርስዎም አብረውኝ ያያሉ።»

ሜትሮ ባርኔጣውን አወለቀ። «እንግዲያው በመሣሪያው የምትቀቢያትን ቅባት አሙቂላት። ላሞቼ እንኳ ሲቀዘቅዛቸው ይራገጣሉ።»

ዶክተሯ ሁለት ወንበር አስመጣች፤ አንዱ የኔ ነበር። ስክሪኑን ወደ እኛ አዞረችው። የግራው ሳንባ ከበስተጀርባ ጉበት መስሏል፤ በዙሪያውም ውሃ ቋጥሯል። ያንን ውሃ ሐኪሞቹ መሣሪያው እየመራቸው በመርፌ ቀዱላት። ሲመሽ መተንፈሱ ስለቀለላት የሚሰጧትን ኦክስጅን ቀነሱላት። በየጠዋቱ ስናይ ጉበት የመሰለው እየሳሳ፣ አየር እየገባበት ሄደ። ቱቦው የወጣላት ቀን ኬንዚ በሻከረ ድምፅ «ዲዶ፣ ፒሮጊ» አለች፤ በዩክሬንኛ አያቴ፣ ያን ድንች የተሞላ ሊጥ አምጣልኝ ማለቷ ነበር፤ አያቷ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁን ለከብት በምታውቁት ዕቃ ቢመረምሯት አትናቁ፤ ሳል እስኪሰማም አትጠብቁ። ሐኪሞች ሆይ፣ እናንተም ስክሪኑን አዙሩልን። እኔ እንደሆንኩ ሐኪም አሁንም አልወድም፤ ዶክተር ሊዮና ቤቴ ብትመጣ ግን ወንበር እለቅላታለሁ።