ከዶክተር አምለሰት የደበቅነው ሕመም

ከቡሬ፣ ከደምበጫና ከማንኩሳ ሥራችሁን ጥላችሁ የደረሳችሁልን ወገኖች፣ የእኅታችንን የዶክተር አምለሰት ገነነን የሕይወት ታሪክ እንዳነብ የታዘዝሁት ታላቅ ወንድማቸው እንዳለው ገነነ ነኝና፣ እንባ ቢያቋርጠኝ ታገሡኝ።

ዶክተር አምለሰት ከአባታቸው ከአቶ ገነነና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሀብትነሽ በ1964 ዓ.ም. በማንኩሳ ተወለዱ። ፊደል በዚያው ቆጥረው ሁለተኛ ደረጃን ፍኖተ ሰላም ሲማሩ፣ ታናሻችን ባምላኩ እሳቸው እንዲማሩ ብሎ ከስድስተኛ ክፍል አቋርጦ ሞፈር ጨብጧልና፣ ይህን ውለታ ሳያነሡ የቀሩበት ቀን አልነበረም። አዲስ አበባ ሥነ ሕይወት አጥንተው፣ በ1991 ዓ.ም. ከአቶ ክንፈሚካኤል ጋር ትዳር መሥርተው፣ ሰብሊንና ዘሩን ወልደው፣ በ1995 ዓ.ም. ለዶክትሬት ትምህርት ወደ ስዊድን ተሻገሩ።

በዚያ ያጠኑት አይጥ ላይ የሚገኝ ቫይረስ ነበር። የአይጥ ሐኪም ሆነሽ ቀረሽ እያልን ስንቀልድባቸው ሳይሰለቹ ያስረዱን ነበር፤ ይህ ቫይረስ የራሱን ዘር በያዘው ሕዋስ ዘር ውስጥ ሸሽጎ የሚኖር ሲሆን፣ ገና በተወለደች አይጥ ደም ከገባ እስከ አንጎሏና ሰረሰሯ ይዘልቃል፤ እዚያም ነርቮቹን ትቶ ነርቮቹን የሚጠብቁትን ሕዋሳት ይይዛል፤ ጠባቂዎቹ ሲበላሹ ነርቮቹ፣ ቫይረሱ ሳይገባባቸው፣ ይሞታሉ፤ አይጧም የኋላ እግሯን መጎተት ትጀምራለች።

በ1997 ዓ.ም. ባምላኩ እግሩን ይጎትት ጀመር። ከዓመታት በፊት ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ የተመለሰ ጎበዝ፣ ዘር በእጁ ይዞ ማሳ መሐል ቆሞ ይቀር፣ የበሬዎቹንም ስም ይረሳ ጀመር። እኛ እግሩን የያዘው የበላው የጓያ እህል ነው አልን። ጓያውን ከቤት አወጣን፣ ጠበልም ወሰድነው። እኅታችንን ግን፣ በሰው አገር ላለ ሰው ክፉ ወሬ አይላክም በሚለው ልማዳችን፣ አንጀቷ አይችልም፣ ትምህርቷን ጥላ ትመጣለች ብለን ደበቅናቸው። ደብዳቤውን የምጽፈው እኔ ነበርሁ፤ ሁላችንም ደህና ነን፣ ባምላኩም እርሻ ላይ ነው እያልሁ። በግንቦት 1998 ዓ.ም. ባምላኩ አረፈ፤ ያንንም ደበቅን።

ዶክተር አምለሰት በ1999 ዓ.ም. ክረምት ትምህርታቸውን ጨርሰው ሲመለሱ፣ ፍኖተ ሰላም ላይ ማለዳ ተሰብስበን አረዳናቸው። ደረታቸውን እየደቁ አለቀሱ፤ ቆየት ብለው እግሩ እንዴት ነበር ሲሉ ጠየቁ። ነገርናቸው። መርሳቱን ሲሰሙ ከመሬት ተቀመጡ። ጓያ እግር ይይዛል እንጂ ልብ አያስረሳም፤ የአይጡ ቫይረስ ወደ ሰው ባይመጣም ኤች አይ ቪ የእሱ ወገን ነውና አንጎል ይገባል፤ ምነው አንዲት ቃል ብትነግሩኝ፣ ደሙ ይታይ ባልኋችሁ፣ መድኃኒቱ እኮ በነጻ ይሰጥ ነበር አሉን። ደሙ አልተመረመረምና እርግጡን የሚያውቅ ፈጣሪ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ አዲስ አበባም ሆነ ስዊድን አላጓጓቸውም። ፍኖተ ሰላም ተቀምጠው፣ እግሩን የሚጎትትና የሚረሳ ሁሉ ሳይመረመር በጓያ እንዳይታለፍ ጤና ሠራተኞችን እያስተማሩ፣ ገጠር ለገጠር በእግራቸው ዞሩ። የጡት ካንሰር ይዟቸው ሁለት ዓመት ከታከሙ በኋላ፣ ትናንት ኅዳር 14 ቀን 2008 ዓ.ም. በአርባ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ።

እናቴ ሆይ፣ ወገኖቼም፣ አንድ ነገር ሳልናገር ብቀመጥ ይህ ወረቀት ሐሰት ይሆናል። በታኅሣሥ 1998 ዓ.ም. ከእኅቴ የደረሰኝን ደብዳቤ ለባምላኩ አነበብሁለት፤ አይጦቹ እንዴት እንደሚራመዱ ተጽፎበት ነበር። ከተኛበት ቀና ብሎ፣ እነዚህስ እንደኔው ናቸው፣ ይህን ጻፍላት አለኝ። ሁለት ጊዜ ለመነኝ። እሺ አልሁት፤ አልጻፍሁም። ወይ እኔ! ስምንት ዓመት ሙሉ ከእኅቴ ጋር በአንድ ገበታ ስበላ ይህን አልነገርኋቸውም።

ዶክተር አምለሰት እናታቸውን ወይዘሮ ሀብትነሽን፣ ባለቤታቸውን አቶ ክንፈሚካኤልን፣ ልጆቻቸውን ሰብሊንና ዘሩን፣ እኔንም ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በአብርሃም አጠገብ ያሳርፍልን፤ ከባምላኩም ያገናኛቸው፤ እኔ ያልጻፍሁላቸውን እሱ ራሱ ይንገራቸው።