የእስስቱ ጀርባና የልብስ ሰፊው መጋረጃ

የሰማ ላልሰማ ያሰማ፦ ሰማዩ እንደ እርጥብ ጨርቅ በተንጠለጠለበት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከአንዲት ወጣት ሴት ካፖርት ላይ አንድ ቁልፍ ተበጥሶ ወደቀ። ተንከባሎም መንገድ ዳር ካለው የውሃ መውረጃ ገባ። ሌላ የሆነ ነገር የለም። ሆኖም ቁልፉ የወደቀው ከአንድ ልብስ ሰፊ ደጃፍ ስለነበር ወጣቷ ቀና ብላ ደጃፉን አየችና ገባች፤ በመግባቷም ለመሞት የተሰናዱ አንድ አዛውንት ቀጠሯቸው ተበላሸባቸው።

ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናቸው ቀና ሳይሉ፣ «ሥራ አልቀበልም፣ ልጄ» አሉ።

«አንድ ቁልፍ ብቻ ነው፣ ጋሼ።»

«ቁልፍም ሥራ ነው።»

እውነታቸውን ነበር። ሥራ መቀበል ካቆሙ ሰነባብተዋል። መደርደሪያው ሰፈርተኛው ባመጣው ጥቅል ሞልቷል፤ ጥቅሎቹን የሚቀበሉት ባለቤታቸው ናቸው፤ እሳቸው አንዱንም ፈተው አላዩም። በእጃቸው ያለው ሥራ አንድ ብቻ ነበር፤ ረጅም፣ ነጭ፣ ኪስ የሌለው፣ ቁልፍ የሌለው፣ እጅጌም የሌለው። ለጠየቀ ሁሉ «መጋረጃ ነው» ይላሉ። ባለቤታቸውም «መጋረጃ ነው» ይላሉ። ጎረቤታቸው ፀጉር አስተካካዩም ጠዋት ማታ ብቅ እያለ፣ «መጋረጃው እንዴት ዋለ፣ ጋሼ?» ይላል። ልብስ ሰፊው ሜትሩን የሚዘረጉት ግን መስኮቱ ላይ ሳይሆን ከገዛ አናታቸው እስከ ገዛ ተረከዛቸው መሆኑን ሦስቱም ያውቃሉ። አውቀውም ስለ መስኮት ያወራሉ።

ወጣቷ ግን መጋረጃውን አላየችም። ያየችው በክፍሉ ጥግ ያለውን የሽቦ ጎጆ ነው። በጎጆው ውስጥ ደረቅ ቅርንጫፍ፤ በቅርንጫፉ ላይ አንድ እስስት፤ ከእስስቱ በላይ፣ ጀርባውን ለመንካት ምንም ያልቀረው፣ የጋለ አምፖል። የእስስቱ አንድ ዓይን ልብስ ሰፊው ላይ ነበር። ሌላው ዓይን ለብቻው ዞሮ፣ ነጩን ጨርቅ ከላይ እስከ ታች ቀስ እያለ ይለካው ነበር።

«እዚያ አትቁሚ» አሉ ልብስ ሰፊው፣ አሁን ቀና ብለው።

«ምነው፣ ጋሼ?»

«እንዳያይሽ። ገና ልጅ ነሽ።»

ወጣቷ ሳቀች፤ እየሳቀችም ወደ ጎን ፈቀቅ አለች። ፈቀቅ ማለቷን ራሷ አላስተዋለችውም። ልብስ ሰፊው ግን ሰው ላይ ያለን ነገር ሁሉ ማስተዋል ሥራቸው ነው፤ አስተዋሉት።

«የእንስሳት ሐኪም ነኝ» አለች። «ይሄ ጀርባው ላይ ያለው ጥቁር ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሐኪም የሚያየው ነገር አይደለም። መልእክት ነው።»

«የማን መልእክት?»

ልብስ ሰፊው መርፌያቸውን ጨርቁ ላይ ሰኩና ተናገሩ። እስስቱ የታላቅ ወንድማቸው ነበር። ወንድምየው በዚሁ ሱቅ፣ በዚሁ ወንበር ሲሰፉ ኖረዋል። እስስቱ ዝም ብሎ ሰው ስለሚያይና ምንም ስለማይል «ታዛቢ» ብለው ስም ያወጡለት እሳቸው ናቸው።

«ወንድሜ ያረፈ ለት ጠዋት» አሉ ልብስ ሰፊው፣ «በሩን ስከፍት መጀመሪያ ያየሁት ታዛቢን ነው። ማታ እንደ ለምለም ሣር አረንጓዴ ሆኖ ነበር የተለየሁት። ጠዋት ከሰል መስሏል። ከጭንቅላቱ እስከ ጅራቱ! ከዚያ ነው ዞር ብዬ ወንድሜን ያየሁት። ወንበሩ ላይ እንዳለ፣ እጅጌ ሊገጥም ክር በአፉ ይዞ። በይ እንግዲህ ንገሪኝ፤ እኔ ሳላውቅ ይህ አውሬ በምን አወቀ?»

«ከዚያ በኋላስ?»

«ከዚያ በኋላ ተመልሶ አረንጓዴ ሆነ። ዓመት ቆየ። አሁን ደግሞ ይኸው። ከጀርባው ጀመረው፤ በየጠዋቱ በሜትር እለካዋለሁ፤ ወደ ጭንቅላቱ እየሄደ ነው። ጭንቅላቱ ላይ ሲደርስ...» ነጩን ጨርቅ ዳበስ አደረጉት።

ውጭ ካፊያው ቆርቆሮውን ይቧጥጣል። ጥግ ላይ ያለው፣ ልብስ የሚለካበት ራስ የለሽ የጨርቅ ገላ፣ ማንም ሳይነካው ትንሽ የዞረ መሰለ። ሐኪሟ ካፖርቷን በእጇ ሰበሰበች።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ ጋሼ። ያን ጊዜ ጠዋት ጠዋት መብራቱን የሚያበራለት ማን ነበር?»

«ወንድሜ ነዋ። ሲመሽ ያጠፋለታል፤ ሲነጋ ያበራለታል።»

«ያን ለት ጠዋትስ ማን አበራለት?»

ልብስ ሰፊው ቀና ብለው አምፖሉን አዩት።

«እስስት እንደኛ የራሱ ሙቀት የለውም» አለች ሐኪሟ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሲበርደው ይጠቁራል፤ ጥቁር ሙቀት ስለሚስብ። ሲፈራና ሲቆጣም ይጠቁራል። ታዛቢ የወንድምዎን ሞት አልተናገረም፣ ጋሼ። መብራቱን የሚያበራለት ሰው ስለሞተበት በረደው።»

ልብስ ሰፊው ወደ ጎጆው ዞሩ። ይህን ያህል ጊዜ የፈሩት እንስሳ ያን ለት ጠዋት በብርድ ተኮራምቶ ታያቸው። ነገር ግን ሽማግሌ በአንድ ጥያቄ አይረታም።

«እሺ፣ ያኔ በረደው። ዛሬ እኮ መብራት በርቶለታል! እንዲያውም ጨምሬለታለሁ። ታዲያ ምነው ጠቆረ? ደግሞስ የቆመበትን የሚመስል ፍጡር፣ ቅርንጫፉ ቡናማ፣ ግድግዳው ነጭ፣ ጥቁሩን ከየት አመጣው?»

«የቆመበትን ይመስላል የሚባለው ስሙ ወጥቶበት ነው። ቀለሙ የሚሰማውን እንጂ የረገጠውን አይከተልም። ደግሞ ይህ ቀለም አይደለም፤ ልብ ብለው ይዩት። ቀለም ቢሆን ሲመሽ ይለወጥ ነበር፤ ይህ ግን በየጠዋቱ ሲለኩት እዚያው ነው። ቀለም ቢሆን ቆዳው ልስልስ ይሆን ነበር፤ ይህ ቅርፊት አለው። ዳር ዳሩን ደግሞ አብጧል። ይህ ቁስል ነው። ለመሆኑ መብራቱን እንዲህ ያወረደው ማነው?»

«እኔ ነኛ። ዓይኔ ደክሟል። ጥቁረቱ በሰፋ ቁጥር በደንብ ልየው ብዬ ዝቅ አደርገዋለሁ።»

«በሰፋ ቁጥር ያወርዱታል?»

«አዎ።»

«ባወረዱት ቁጥርስ?»

ልብስ ሰፊው ሜትሩን ከአንገታቸው አወረዱ።

«እስቲ እጅዎን እሱ ከሚቀመጥበት ቅርንጫፍ ላይ ያኑሩት። ጀርባዎን ወደ ላይ... ማለቴ የእጅዎን ጀርባ።»

ልብስ ሰፊው ዕድሜ ልካቸውን ካውያ የያዙ ሰው ናቸው፤ ለሙቀት እጃቸው አይበረግግም። አኖሩት። ጥቂት ቆዩ። ከዚያ «እህ!» ብለው ሳቡት። ልብስ ሰፊው ጎንበስ ብለው የእስስቱን ጀርባ እንደ ልብስ ሰፊ ያዩት ገና አሁን ነበር። መሐሉ ከሰል፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ዳሩ ቢጫ። ይህን የማያውቅ ልብስ ሰፊ የለም።

«ካውያ ያሳረረው ጨርቅ» አሉ በሹክሹክታ።

«እንደሱ ነው።»

«እኔ ነኝ ያሳረርኩት።»

«ሊያዩት ብለው ነው፣ ጋሼ።»

«ላየው ብዬ አቃጠልኩት!» አሉና ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ሞታቸው በየጠዋቱ እየሰፋ ሲሄድ በሜትር የለኩት ራሳቸው፣ መብራት እየያዙ ያሰፉትም ራሳቸው መሆናቸው፣ ከሞቱ በላይ አስደነገጣቸው።

ሐኪሟ ጎጆውን ከፍታ እስስቱን በእጇ ላይ አወጣችው። ጣቷን አሸተተች።

«ይሄ የሚያብለጨልጨውስ?»

«ቆዳው ቢደርቅብኝ ትንሽ ዘይት... የመኪና ዘይት...»

«የስፌት መኪና አደረጉት እንዴ?»

በዚህ መሐል ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ ብቅ አለ። «መጋረጃው እንዴት...» ብሎ ጀምሮ እስስቱን ከጎጆው ውጭ ሲያይ አንድ እግሩን ከደጃፉ መለሰ። «አትፍራ፣ ግባ» አሉት ልብስ ሰፊው። «ካውያ ነው ያስነካሁት።»

«እኔ ድሮም ብያለሁ፤ እንስሳ ነው!» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ ከደጅ ሆኖ።

«እኔስ ስንቴ ብያለሁ!» አሉ ባለቤትየዋ ከጓዳ።

ከዚያ ሐኪሟ እስስቱን በለብታ ውሃ እያጠበች የተናገረችውን፣ እስስት ለሚያኖር ሁሉ ስለሚጠቅም እዚህ እናስቀምጠዋለን። እስስት ሲያድግ አሮጌ ቆዳውን በየቦታው እየቆራረጠ ይጥላል፤ ነጭ ብናኝ መስሎ ሲላጥ ቢታይ ጤና ነው፤ ውሃ እንደ ካፊያ ይረጩለታል እንጂ በጥፍር አይልጡትም። የማይለቅ ጥቁር ነጥብ፣ ቢጫ ቅርፊት፣ ፈሳሽ ወይም እብጠት ሲታይ ግን ጊዜ ሳይሰጡ ሐኪም ዘንድ ነው። መብራት ከጎጆው ውጭ ይሰቀላል፤ የሰው እጅ ጀርባ ያልቻለውን ሙቀት የእስስት ጀርባ አይችለውም፤ እሱ ደግሞ እየተቃጠለ መሆኑን ፈጥኖ ስለማያውቅ አይሸሽም። ጎጆው ከተረጨ በኋላ ይድረቅ፤ የረጠበ ቆሻሻ የቆዳ በሽታ ይጠራል። የሰው ቅባት፣ የምግብ ዘይት፣ ይልቁንም የመኪና ዘይት፣ ክልክል ነው።

«ይድናል?» አሉ ልብስ ሰፊው። ስለ ማን እንደጠየቁ ግልጽ አልነበረም።

«ይድናል። ጠባሳው ግን ይቀራል፤ የተቃጠለው ቦታ ከእንግዲህ ቀለም አይለውጥም።»

ሐኪሟ በየጊዜው እየመጣች ቁስሉን አጠበች፤ ለእስስት የሚሆን መድኃኒትም ቀባችው። ልብስ ሰፊው መብራቱን ከጎጆው አውጥተው ከፍ አድርገው ሰቀሉ። ጥቁረቱ ቆመ፤ ቀጥሎም ቅርፊቱ ረገፈ። ከሥሩ ልክ እንደ አመድ የገረጣ ጠባሳ ወጣ። ታዛቢም አንበጣውን በረጅም ምላሱ ቀልቦ መብላት ጀመረ፤ ልብስ ሰፊውም ምሳቸውን ጨርሰው ደገሙ። የሰውን ልጅ ከመልእክት ይልቅ ቁስልን መፈለግ እንዴት እንደሚያድነው ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም። ያ ሁሉ ፍርሃት የፈለገው ለብ ያለ ውሃና ትንሽ ከፍ ያለ አምፖል ነበር።

አንድ ብሩህ ጠዋት ሐኪሟ፣ «ጎጆው መስኮት ዳር ይሁንና የፀሐይ ብርሃን ያግኝ፤ ግማሹን ግን ጥላ ያስፈልገዋል» አለች።

ባለቤትየዋ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «መጋረጃው አለ አይደል?» አሉ።

ተሰቀለ። ከመስኮቱ ይጠብባል፤ ታች ደግሞ አልፎ ወለሉ ላይ ደርሷል። ፀሐይ ከኋላው ስትመታው አንድ ሰው ተዘርግቶ የቆመበት ይመስላል። ሐኪሟ ራሷን ዘንበል አድርጋ አየችው፤ አሁን ገባት።

«ትንሽ... አልጠበበም?»

«መስኮቱ ነው የሰፋው» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«አየሽ ልጄ» አሉ ልብስ ሰፊው ደስ ብሏቸው፣ «እኔ ይህን ያህል የኖርኩ ሰው ፈራሁ። እነዚህ ሁለቱ ግን አንድ ቀንም አላመኑም። እኔን ብቻ ነው ያሞኘኝ። በይ፣ ይብቃ! የሰውን ሥራ አስቀምጬ ኖሬያለሁ፤ ቅድሚያ የአንቺን ቁልፍ፣ ቀጥሎ መደርደሪያውን።»

«መደርደሪያው ይቆይ» አለ ፀጉር አስተካካዩ ፈጠን ብሎ።

«ምን ቸገረህ? ያንተ ይቅደም እንጂ፣ ጎረቤት ነህ» ብለው ጥቅሉን ፈቱት። ጥቁር ሙሉ ልብስ ነበር፤ ሱሪው እንዲለቀቅ በስፒል ምልክት ተደርጎበታል። ልብስ ሰፊው ሌላ ጥቅል ፈቱ። የማዶዋ ሴትዮ ጥቁር ቀሚስ። ሌላ ፈቱ። ጥቁር ካፖርት። ሌላ። ጥቁር ሻርፕ፣ ጫፉ እንዲቀመቀም። የሰፈሩ ሰው ሁሉ፣ ሌላ ልብስ ሰፊ በአቅራቢያ ስላልነበረ፣ የሐዘን ልብሱን ለራሳቸው ለሚለቀስላቸው ሰው አምጥቶ ኖሯል። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከፈተ።

ከሥር የቀረው ጥቅል በራሳቸው ቤት ፎጣ የተጠቀለለ ነበር። ልብስ ሰፊው ፎጣውን አወቁት። ቀስ ብለው ፈቱት፤ ጥቁሩን ቀሚስ በሁለት እጃቸው ወደ ብርሃኑ አነሱና፣ ልምድ ሆኖባቸው ስፌቱን መረመሩ።

«ወገቡ ላይ ልልቀቅልሽ?» አሉ።

ባለቤታቸው ከጓዳው በር ቆመው ነበር።

«ትንሽ» አሉ።

ታዛቢ ከቅርንጫፉ ላይ፣ ለምለም አረንጓዴ ሆኖ፣ አንድ ዓይኑን ቀሚሱ ላይ አደረገ። ሌላውን ዓይኑን ማን ላይ ሊያሳርፈው እንደሆነ እየዞረ ሲፈልግ፣ ሁሉም፣ ሐኪሟም ጭምር፣ ወደ ጎን ፈቀቅ አሉ።