ሰሙ «አድስ» ነው፤ ወርቁስ?

ባለፈው ክረምት ደብረ ታቦር መናኸሪያ አጠገብ ባለ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ደጃፍ፣ ባለሙያው ከምሳ እስኪመለስ ስጠብቅ፣ የጋፋቱን የቅኔ መምህር የኔታ ገሰሰን አገኘኋቸው። ላፕቶፓቸውን በጋቢያቸው ጠቅልለው አቅፈዋል። ሰፈራችን አንድ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር እንደማስተምርም ሰምተዋል።

ምን እንዳመጣቸው ጠየቅኋቸው። ስክሪኑ ጥግ ላይ ብቅ እያለ «አድስ» የሚላቸውን ጽሑፍ ሊያስጠፉ ነው። ላፕቶፑ ውስጥ የሟች መምህራቸው ቅኔዎች አሉ። ቅኔዎቹን ከየኔታ በቀር የሚያውቅ የለም፤ እርሳቸውም መርሳት ጀምረዋል።

ከማስጠፋት ማደሱ እንደሚሻል በቀስታ ነገርኋቸው። አላመኑኝም።

«መክሊት፣ ላም የሸጠልኝ ሰው ቀንዷን ላቃና እያለ በየሳምንቱ ደጄን ቢያንኳኳ አስገባዋለሁ?»

«አያስገቡትም፣ የኔታ።»

«እንግዲያውስ። ሰሙ ‹አድስ› ነው። ወርቁን ንገሪኝ።»

እኔ ቅኔ ቤት አልገባሁም፤ አፈርሁ። «ወርቁ ‹ቀዳዳ ተገኝቷል› ነው» አልኋቸው።

«ቀዳዳ ዕቃ ሸጡልኝ በይኛ።»

እውነታቸውን ነው። ሰው የሠራው ፕሮግራም ስሕተት አያጣም። ብራና ሲገለበጥ ጸሐፊው ይስት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ይስታል፣ አራሚም ያርመዋል አሉኝ።

«ይኸም እርማት ነው፣ የኔታ። ክፋቱ፣ እርማቱ ሲታወጅ ሌባውም ይሰማል። ከዚያ ወዲያ የሚፈልገው ያላረመውን ሰው ቤት ነው።»

ላፕቶፑን ጠበቅ አድርገው አቀፉ። «ሌባው ራሱ አራሚ ነኝ ብሎ ቢመጣስ?»

ይህ ጥርጣሬ ተገቢ ነው። ሰው የላከውን ወይም ኢንተርኔት ስንከፍት ድንገት የሚመጣውን «አድስ» መንካት አይገባም፤ የሚታደሰው ወደ ኮምፒውተሩ ወደ ራሱ ማስተካከያ (ሴቲንግ) ተገብቶ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ሥራን መገልበጥ ያስፈልጋል። ይህን አስረድቼ ቅኔዎቹን በፍላሽ ገለበጥሁና እጃቸው ላይ አኖርሁት። በስልኬ ኢንተርኔት ማደሱን ጀመርሁ። ስክሪኑ ሲጨልም ፍላሹን ጨብጠው እኔን እንጂ ላፕቶፑን አላዩም።

ሲበራ የመጀመሪያውን ቅኔ በለሆሳስ አነበቡ። ቀጥለው የመጨረሻውን። «አንድ ፊደል አልተነካም» አሉ።

ያልታደሰ ኮምፒውተር ዛሬም እንደ ትናንቱ ስለሚሠራ ደኅና ይመስላል። በየጊዜው የታደሰው ግን በሩ ለሌባ በቀላሉ አይከፈትም፤ ሥራም ሳያስተጓጉል ዕድሜው ይረዝማል። ቅጂ ያኖረ ሰውም ዕቃው ቢበላሽ የድካሙን ፍሬ አያጣም።

የኔታ ለምስጋና አልቸኮሉም። ከኪሳቸው ስልካቸውን አውጥተው አገላበጡት።

«አሁን የጠረጠርሁት ይኸን ነው» አሉኝ። «ከተገዛ ወዲህ አንድም ቀን አልታረመም።»