መቶ እስኪሞላ

ሪግሞርዬ፣ ነይ እስቲ እዚህ ፀሐይዋ ጋ ቁሚ። ብርቱካን ልላጥልሽ። ለጸሎተ ሐሙስ ምን የመሰለ ቀን ወጣልን... ከኦስሎ ስንነሳ ያ ሁሉ ጭጋግ ነበር። ዛሬ ደግሞ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ሳቅ ሳቅ ይለኛል። ልጆቹን አየሻቸው፣ በረዶው ላይ ሲንከባለሉ? ወላጆቻቸው እኮ የመኪና ቻርጅ ማድረጊያው እስኪለቀቅላቸው ወረፋ ይዘው ነው፣ የተባረኩ። እኔ ባትሪዬ ሰማንያ በመቶ ሲሞላልኝ ነቅዬ ለተረኛው ለቀቅኩ። ያው የአገሩ ደንብ አይደል? ሁለተኛው ማድረጊያ ጋ ያለው ሰው ደግሞ... እሱ ደንቡን ከሁላችንም አብልጦ ያውቀዋል። ለዚያ ነው የማይቸኩለው።

ስለማንም አይደለም የማወራው። የመኪናውን መስኮት ከፈት ማድረጉም ጥሩ ነው፣ አየር ይግባለት።

ወረፋ የያዙትም እኮ አይናገሩም። እኛ አገር ሰው ተናገር ከሚሉት ተራራውን በእግሩ ቢወጣው ይመርጣል። ያ ቀይ ኮፍያ ያደረገው አባት ብቻ ሦስት ጊዜ ሰዓቱን አይቶ አንዴ ጉሮሮውን ጠረገ። እንግዲህ ተሳደበ ማለት ነው።

ዘጠና አራት። ከዚህ ሆኜ የሰውየው ቁጥር ይታየኛል። ዋፍል ልንበላ ካፌው ስንገባ ዘጠና አንድ ነበር... ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይሉ የለ? እኔ አሁን ነው የገባኝ፤ እንቁላሉ በእግሩ የሄደው ባለመኪናው አልነሳ ቢለው ነው። እስከ እማማ ቤት የቀረን ስንት ነው፣ ስድሳ ኪሎ ሜትር? በዚያ ባትሪ ደርሶ፣ ተመልሶ፣ እንደገና ደርሶ... ግን ጥንቃቄ ነውር ነው እንዴ?

እኔ የመጀመሪያዋን የኤሌክትሪክ መኪና የገዛሁ ጊዜ ትዝ ይልሻል? በገና ማዕድ ላይ አንድ ጀግና፣ ማን ነበር ስሙ... "ቶርጉን መንገድ ላይ ቆማ ትቀራለች፤ ይሄ መኪና ልብ ይፈልጋል" ብሎ ቤቱን በሳቅ አፈረሰው። እውነቱን ነው፣ ልብ ይፈልጋል። ባትሪው እንዳያልቅ ማሞቂያውን አጥፍቶ፣ ሚስቱን በመኝታ ከረጢት ጠቅልሎ፣ ነፋሱን ይከልልልኛል ብሎ ከጭነት መኪና ኋላ ኋላ አራት ሰዓት ሙሉ የሚጎተት ልብ ስንት ሰው አለው? አትሳቂ እንጂ ሪግሞር፣ አፍንጫሽ ገና ከቅላቱ አልተመለሰም።

ለእማማ ያሳደስሽላትን ወንበር ቤት ያስቀረውም እኮ ለደኅንነታችሁ ብሎ ነው። ክብደት ባትሪ ይበላል። የቢራ ሳጥን ግን፣ ይኸው ኋላ ተደርድሮ እንደምታዪው፣ አይመዝንም።

በረዶ ጠራጊው መኪና አሥር ሰዓት ላይ መኪኖቹን አስከትሎ ተራራውን ይሻገራል። የዛሬ የመጨረሻው ነው፤ ከዚያ መንገዱ እስከ ነገ ይዘጋል። እማማ በጉን ከጠዋት ጀምራ ምድጃ ውስጥ ከትታ በመስኮት መምጫችንን እያየች ነው። አባባ ከሞተ የመጀመሪያ ልደቷ... ሁለት ልጆች ወልዳ ብቻዋን በልታ ትተኛ? እውነቴን ነው የምልሽ፣ ይሄን ሳስብ ሆዴ ይባባል። ለነገሩ ሰማንያ ሞላት ተብሎ ምን ሊሆን ነው? ሰማንያ ለአንዳንድ ሰው ምኑም አይደለም።

ፈሪ ለእናቱ ይላሉ። እኔን የሚገርመኝ፣ ለአማቱ ምን እንደሚሆን ተረቱ ሳይናገር ማለፉ ነው... ፈሪ ያልኩት ሰው የለም። አልኩ?

ዘጠና አምስት። እሰይ። ለአሥር ሩብ ጉዳይ ሆኗል። ቦርሳሽን አጣሁ ብለሽ እንዳትደነግጪ፤ አንቺ ዋፍሉን ስትበዪ እኔ መኪናዬ ውስጥ አስገብቼዋለሁ። ወንበሩም ሞቆ ይጠብቅሻል፤ እኔ ሞኟ ማሞቂያ እከፍታለሁ። የለም፣ ንቀልና እንሂድ አትበይው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው፤ የእሱ አንዲት ጠብታ እንዳትፈስ ተይው፣ ይሙላለት። ይልቅ ነይ ግቢ፣ መኪኖቹ መሰለፍ ጀምረዋል።

በእጅሽ እንኳ ደህና ሁን በይው እንጂ፣ ባልሽ አይደል? እኔም ከልቤ ልመርቅ። እግዜር መቶውን ይሙላለት። ብርድ አይንካው፣ መንገድ ላይ አያስቀረው። ዕድሜውንም ያርዝምለት... እሱ እስኪደርስ ድረስ፣ በር የሚከፍትለት ሰው አያሳጣው። አሜን በይ፣ ሪግሞርዬ።