የትሮምቦኑ ቅባትና የጋሽ ፉርጎ ትከሻ

ጋሽ ፉርጎ ያን ቅዳሜ ጠዋት ትሮምቦናቸውን በሣጥኑ አቅፈው ደረጃ ሲወርዱ፣ ከሰው ላለመገናኘት ብለው ነበር በጊዜ የተነሡት። ነገር ግን የፈሩት ይደርሳልና፣ የሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ፣ በሁለት እጇ የአትክልት ዘንቢል ያንጠለጠለች የጎረቤት ልጅ ድንገት ተጋፈጠቻቸው። ይህች ልጅ ከእሳቸው ቤት በላይ ከእናቷ ጋር የምትኖር፣ በትምህርት ቤት ሙዚቃ የምታስተምር ናት፤ ሰፈሩ ሁሉ መምህርቷ ይላታል። የምትነፋውም እንደ እሳቸው ትሮምቦን ነው።

«እንደምን አደሩ ጋሼ? ቅዳሜም ልምምድ አለ እንዴ?»

«የለም ልጄ።»

«ታዲያ በዚህ ማለዳ ወዴት ነው?»

«ይህን ወደ ባንዱ ዕቃ ቤት ልመልስ ነው። ይብቃኝ ብያለሁ።»

መምህርቷ ዘንቢሎቹን ደረጃው ላይ አስቀመጠች። እንዲህ ያለ ነገር ዕቃ ተሸክመው የሚሰሙት አይደለም።

ሰውዬው ፉርጎ የተባሉት ዕድሜያቸውን ሙሉ ባቡር ስለጠገኑ ብቻ አልነበረም። ሰፊ ናቸው፤ ሲሄዱ ከፊት የሚጎትታቸው ነገር ያለ ይመስላል፤ አንዴ ከቆሙ ደግሞ ለማንቀሳቀስ ብዙ ጉልበት ይጠይቃል። ስሙን ያወጡላቸው የጥገና ባልደረቦቻቸው ሲሆኑ፣ እሳቸውም ተቆጥተው ተቆጥተው ሲያቅታቸው ለመዱት። በባቡር ሠራተኞች ባንድ ውስጥ ትሮምቦን መንፋት የጀመሩት በጎልማሳነታቸው ነው፤ ጡረታ ከወጡ በኋላም ከሥራው የቀራቸው ይኸው ነበር።

አሁን ባንዱ ለአዲሱ ጣቢያ ምረቃ አንድ ለስላሳ ዜማ ያጠና ነበር። በዜማው መካከል ሌላው ሁሉ ዝም ሲል፣ ትሮምቦን ብቻውን ከታች ተነሥቶ እየተሳበ ወደ ላይ የሚወጣበት ቦታ አለ። ባለፈው ልምምድ ላይ ጋሽ ፉርጎ እዚያ ቦታ ሲደርሱ፣ ትሮምቦኑን ዜማ የሚያሰጠው ተንሸራታች ቱቦ፣ ስላይድ የሚሉት፣ መንገድ ላይ ቀጥ አለባቸው። ገፉት፤ እምቢ አለ። ኃይል ሲጨምሩ ደግሞ ዘሎ ሄደ፤ ድምፁም ጭራውን እንደተረገጠ ውሻ ጮኸ። ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ። የባንዱ መሪ ግን አልሳቀም፤ ይህ ነው የባሰባቸው። «ጋሼ፣ ትከሻዎን ትንሽ ለምን አያሳርፉትም?» ነበር ያላቸው በትሕትና።

ይህንኑ ለመምህርቷ በአጭሩ ነገሯትና፣ «እውነቱን ነው። ትከሻዬ አርጅቷል። ሰው መውረጃውን ሲያውቅ ክብሩ ነው» ብለው ሣጥኑን አነሡ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከመሄድዎ በፊት አንዴ ልየው?»

«ምኑን?»

«ትሮምቦኑን። ትከሻዎንስ ሐኪም ያየዋል።»

ጋሽ ፉርጎ ሳይወዱ ፈገግ አሉ፤ ሣጥኑም እዚያው መታጠፊያው ላይ ተከፈተ። የቆየ ዘይት ሽታ ደረጃውን ሞላው። መምህርቷ መሣሪያውን አገጣጥማ፣ ስላይዱን ወደ መሬት አቁማ፣ መቆለፊያውን ፈትታ እጇን ከሥሩ ዘረጋች።

«ምን ትጠብቂያለሽ?»

«እስኪወርድ ነው የምጠብቀው። ጤነኛ ስላይድ ሲፈታ በራሱ ክብደት ይወርዳል፤ እንዲያውም እጅ ካላስጠጉለት ወድቆ ይጎዳል። ይኸው፣ የእርስዎ እንደተሰቀለ ቀረ። ጋሼ፣ ይህን ቱቦ አሁን የእርስዎ ትከሻ አልያዘውም።»

ሽማግሌው ቱቦውን አዩት። ቱቦውም አልተንቀሳቀሰም።

«ምን ይቀቡታል?» አለች።

«የሚቀባውን ነዋ! መጀመሪያ ቫዝሊን፣ ከላዩ ላይ የስፌት መኪና ዘይት። ሲደርቅ ደግሞ እንደገና። የመጀመሪያው የባንዳችን አለቃ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በእጃቸው ቀብተው ያሳዩኝ ነው። ‹ናስ ዘይት ይወዳል፤ ውሃ ግን እንዳታስነካው፣ ይበላዋል› ይሉ ነበር። እኔም ቃላቸውን እስከ ዛሬ ጠብቄያለሁ።»

«አንድም ቀን ታጥቦ አያውቅም ማለት ነው?»

«አንድም ቀን!» አሉ፤ እንደ ምስጋና ቆጥረውት ነበር።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ሽማግሌው ሰነፍ ወይም ደንታ ቢስ ሰው አልነበሩም። ሰው የተሳሳተ ልማድን የሚይዘው ብዙ ጊዜ ከታማኝነቱ የተነሣ ነው፤ ልማዱን መንካት ያስተማረውን ሰው መንካት ስለሚመስለው። ስለዚህ መምህርቷ ቃሏን መርጣ መናገር ነበረባት።

«እንግዲህ ጋሼ፣ ሲነፉ ከትንፋሽዎ ወጥቶ ቱቦው ውስጥ የሚጠራቀመው፣ በየመካከሉ በማፍሰሻው የሚያንጠባጥቡት ምንድን ነው?»

«ውሃ ነው እንጂ።»

«ውሃ እንዳይነካው ሲጠብቁ፣ ከውስጥ በየቀኑ ይነካዋል። ይህ ውሃ ከምራቅ ጋር መጥቶ ከአሮጌ ዘይት ጋር ይላቆጣል። ናሱን የሚበላው ሳይታጠብ እዚያው የሚያድረው ቆሻሻ ነው።»

«አለቃ እኮ ይህንኑ ዘይት ቀብተው ሲነፉ ሰው ያለቅስ ነበር!»

«አምናለሁ፤ እናቴም ነግራኛለች። ግን በዘይቱ ምክንያት ነው ወይስ ዘይቱ እያስቸገራቸው?»

መምህርቷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«በዚያን ጊዜ ለትሮምቦን ተብሎ የተሠራ ቅባት በእጃቸው አልነበረም። ያላቸውን ሰጡዎት። ቢኖራቸው ኖሮ ይነፍጉዎት ነበር?»

«አይነፍጉም። ደግ ነበሩ።»

«አሁን ደግሞ እርስዎ ስለ ሥራዎ ይንገሩኝ። የባቡር ጎማ የሚዞርበት ኩሽኔታ ቅባቱ ሲደርቅ ምን ያደርጉ ነበር? አዲሱን በአሮጌው ላይ ይጨምሩ ነበር?»

«ምን ነክቶሽ!» አሉ ጋሽ ፉርጎ፣ የሠላሳ ዓመት ቁጣቸው በአንድ ጊዜ ተመልሶ። «በአሮጌ ቅባት ላይ አዲስ የጨመረ ሠራተኛ እኔ ጋ አይውልም! አሮጌው አቧራውንና ብናኙን ይዞ ድንጋይ ይሆናል። መጀመሪያ ይፈታል፣ ይታጠባል፣ ይደርቃል፤ ከዚያ ልኩን ታውቂና…»

አፋቸው ላይ የነበረው ቃል ቀረ። ወደ ትሮምቦኑ ዞር ብለው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው» አሉ በመጨረሻ። «አለቃን ፈርቼ ትከሻዬን ስከስስ ኖርኩ።»

«እንግዲያውስ እንጠበው።»

«ቆይ!» ሣጥኑን ጠበቅ አድርገው ያዙ። «ቢታጠብና ያው ቢሆንስ? አሁን እኮ ቆርጫለሁ፤ የቆረጠ ሰው ያርፋል። አንቺ ደግሞ ተስፋ አቅምሰሽኝ፣ ነገ ትከሻዬ መሆኑ እርግጥ ሲሆን ሁለት ጊዜ ልወርድ ነው?»

መምህርቷ ከትምህርት ቤት የቀሰመችው ስለ ናስና ስለ ቅባት እንጂ ስለዚህ አልነበረም።

«ትከሻዎ ከሆነ፣» አለች ጥቂት አስባ፣ «ዕቃ ቤቱ ሰኞም ክፍት ነው። መሣሪያውን እንኳ ንጹሕ አድርገው ይመልሱታል። ከእርስዎ በኋላ የሚይዘው ሰው ምን በደለ?»

ያሸነፋቸው ይህ የመጨረሻው ነበር። በሕይወታቸው የተበላሸ ዕቃ ለተረኛ አስረክበው አያውቁም።

ቤት ሲመለሱ በሩን የከፈቱት ባለቤታቸው ነበሩ። ጉዳዩን ሲሰሙ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ። «አንተ ሰውዬ፣ ለዚህ ዕቃ ስንት በዘይት የተለወሰ ሸሚዝ አጥቤያለሁ! ዛሬ ደግሞ እሱን ራሱን ልታሳጥበኝ?»

«እናጥበዋለን እንጂ አናሳጥብዎትም እማማ» አለች መምህርቷ። «የልብስ ማጠቢያ ገንዳውን ብቻ ያውሱን።»

በገንዳው ውስጥ ለብ ያለ ውሃ ተሞላ። ጋሽ ፉርጎ የፈላውን ሊጨምሩ ሲሉ መምህርቷ ከለከለቻቸው፤ የፈላ ውሃ የናሱን ሽፋን ያስለቅቃልና። ጥቂት ለስላሳ ሳሙና ተበጠበጠ፤ የስላይዱ የውስጥና የውጭ ቱቦዎች ተለያይተው ተነከሩ። መምህርቷ ረጅም የመጥረጊያ ዘንግ ከቤቷ አምጥታ፣ ብረቱ ራቁቱን ቱቦውን እንዳይፍቀው ከጫፍ እስከ ጫፍ በስስ ጨርቅ ጠቀለለችው።

«ቀስ ብለው ጋሼ። ቱቦው ስስ ነው፤ ከተሠረጎደ ቅባትም አያድነውም። ከሁለቱ የቱቦ ክንዶች የሚያጸዱትን ብቻ ይያዙ፣ ሌላውን እንዳያጣምሙት።»

«ከአያያዝ ይቀደዳል ከአነጋገር ይፈረዳል» አሉ ጋሽ ፉርጎ፤ ዘንጉንም ገፉት።

ከሌላው ጫፍ የወጣውን ባለቤታቸው መጀመሪያ አዩት። ጥቁር ነው፤ ዝልግልግ ያለ፣ መካከሉ አረንጓዴ ያዘለ። «በዚህ ነው እንዴ ስትነፋ የኖርከው?» አሉ አፍንጫቸውን ይዘው። ጋሽ ፉርጎ ጨርቁን ለውጠው እንደገና አስገቡ፤ እንደገናም። ውሃው ሦስት ጊዜ ተቀይሮ ነው ጨርቁ ነጭ ሆኖ የወጣው።

ቱቦዎቹ ከደረቁ በኋላ መምህርቷ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ከፈተች። ጋሽ ፉርጎ በጣታቸው ነክተው አሸተቱ።

«ይህ የሴት የፊት ቅባት አይደለም?»

«ወንድሙ ነው። ድሮ የፊት ክሬም የሚቀቡ ነፊዎችም ነበሩ። ይህኛው ለትሮምቦን ተብሎ ነው የተሠራው። ፈሳሹም አለ፤ በክሬሙ ላይ ደጋግሞ ውሃ መርጨት የሚሰለቸው ሰው እሱን ይመርጣል። እርስዎ እጅዎ ከባድ ስለሆነና ልምምዱም ረጅም ስለሆነ ክሬሙ ይሻላል ብዬ ነው።»

«የትራምፔት ዘይትስ? እሱ ባንዱ ዘንድ ሞልቷል።»

«እሱ ቀጭን ነው፤ ለትራምፔት ቁልፍ እንጂ ለረጅም ቱቦ አይሆንም፤ ዜማው ሳያልቅ ያልቃል። የእርስዎ የስፌት ዘይት ደግሞ አቧራ ይይዝና ይሙለጨለጫል ሲሉት ይጣበቃል። አሁን ይመልከቱ፤ የውስጠኛው ቱቦ ጫፍ ላይ ትንሽ ወፈር ያለ ቦታ አለ አይደል? ከውጩ ቱቦ ጋር የሚነካካው እሱ ብቻ ነው። የሚቀባውም እሱ ብቻ።»

ጋሽ ፉርጎ በለመደው እጃቸው አንድ ጣት ሙሉ ዘገኑ።

«በዛ ጋሼ! ምስር የምታህል ትበቃለች።»

ቀነሱ። በሁለቱም ጫፎች ላይ በስሱ አዳርሰው፣ የውጩን ቱቦ መልሰው አጠለቁ፤ ጥቂት አመላለሱትና ተገፍቶ የወጣውን ትርፍ በጨርቅ ጠረጉ። ከዚያ መምህርቷ ከመርጫ ጠርሙስ ንጹሕ ውሃ ረጨችበት። ውሃው በናሱ ላይ እንደ ጤዛ ፍሬ ፍሬ ሆኖ ቆመ።

«ውሃ!» አሉ ጋሽ ፉርጎ፣ እንደ ማዘን ብለው።

«ውሃ። ሲዘገይብዎ ይህን ብቻ ይረጫሉ፤ ክሬም አይጨምሩም። ውሃውም አላድስ ሲል ጠርገው አጽድተው እንደገና ይቀባሉ።»

ጋሽ ፉርጎ ትሮምቦኑን ለመጀመሪያ ድምፅ ወደ አፋቸው አስጠጉት፤ ስላይዱንም እንደ ልማዳቸው ገፉት። ለዘመናት ግድግዳ ሲገፋ የኖረ ክንድ በሩ ድንገት ሲከፈት ምን ይሆናል? ቱቦው ከተፈለገበት አልፎ በረረ፤ ድምፁም አብሮት ገደል ገባ። ባለቤታቸው ከኩሽና ሳቁ። ሽማግሌው ግን ከንፈራቸውን ከመሣሪያው ሳያላቅቁ ቆመው ቀሩ። ክንዳቸው አልደከመም ነበር፤ የበዛበት ጉልበቱ ነበር።

«ትከሻዬ አይደለም» አሉ ቀስ ብለው። እንደገናም፣ ለራሳቸው፣ «አይደለማ።»

ከዚያ ቀን በኋላ የነበረው ሥራ ቀላል አልነበረም። እጃቸው መግፋትን ትቶ መምራትን፣ ጆሯቸውም ድምፁ የሚቆምበትን ቦታ እንደ አዲስ መማር ነበረባቸው። በየማለዳው በጓዳ ተቀምጠው ያን እየተሳበ የሚወጣ አንድ ቦታ ብቻ ይደጋግሙ ነበር፤ መምህርቷም ወደ ሥራ ስትወርድ በራቸው ላይ ቆም ብላ፣ «አሁን አለፈ»፣ «አሁን ደረሰ» ትላቸው ነበር።

በምረቃው ቀን አዲሱ አዳራሽ በሰው ተሞላ። ሌሎቹ መሣሪያዎች ዝም ባሉበት ቦታ ላይ የባንዱ መሪ ወደ ጋሽ ፉርጎ ሲያይ፣ በዓይኑ ውስጥ ፍርሃት ነበር። ትሮምቦኑ ከታች ተነሣ፤ ሳይደናቀፍ፣ ሳይቸኩል፣ አንድ ትንፋሽ ያህል ረዝሞ ወጣ። ያለቀሰ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን ሻንጣውን ሊያነሣ ያጎነበሰ አንድ መንገደኛ እንዳጎነበሰ ቀርቶ ነበር። መሪው በእረፍት ሰዓት መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ምን ዓይነት ሕክምና አገኙ?» አላቸው።

«መታጠብ» አሉት።

የሚከተለው ልምምድ የተጀመረው በገንዳ ዙሪያ ነው። ጋሽ ፉርጎ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ለራሳቸው የድሮ የዘይት ምክር የሚከራከር፣ ባንዱ ውስጥ ያሠለጠኑት አንድ ደቀ መዝሙር ቢነሣ፣ «እኔ ነኝ ያሳሳትኩህ፤ አሁን ደግሞ እኔው ላርምህ» አሉት። ከመንፋት በፊት ጥርስን ማጽዳትና አፍን መጉመጥመጥም ታከለ፤ ስላይድ ውስጥ የሚገባው ከአፍ የሚወጣው ነውና። ውጤቱም ቀስ በቀስ ታየ። የታጠበ መሣሪያ ቶሎ አይበላም፤ ድምፁ በሚፈለግበት ይቆማል፤ ነፊውም ኃይሉን ለትንፋሹ ያውለዋል እንጂ ከናስ ጋር አይታገልበትም። የአሮጌ ነፊ ወንበርም ያለ ጊዜው ባዶ አይሆንም።

ከዚህ ልምምድ በፊት ግን፣ ከምረቃው በተመለሱበት ዕለት ማታ፣ ባለቤታቸው ጋቢ ሲያለብሷቸው ትከሻቸውን ጫን አደረጉት። ጋሽ ፉርጎ፣ «እህ!» አሉ።

«ያማል እንዴ? ትከሻዬ አይደለም አላልክም?»

«ያማል እንጂ፤ ሽማግሌ ነኝ አይደል?» አሉ ጋሽ ፉርጎ። «ሰኞ ለሐኪም አሳየዋለሁ። ማክሰኞ ልምምድ አለኝ።»